ጭረቷ የት ገባች?

አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ገቡ። (ስማቸውን ብጽፍ ስለሚቆጡኝ «እትዬ» ብቻ ይበቃል።) እንደወትሯቸው ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠይቀው አልተቀመጡም። ስልካቸውን ከቆሎው ሳህን አጠገብ አኖሩና «እስቲ ይህን እይልኝ፤ ስሜን ሰው ቀድሞኝ አስመዝግቦታል» አሉ።

ስልኩ ላይ ያለው ሊከፍቱት ላሰቡት ካፌ ማተሚያ ቤቱ የላከላቸው የታፔላ ናሙና ነው። ከላይ በወፍራም አማርኛ «ካፌ» ይላል፤ ከሥሩ ያው ቃል በላቲን ፊደል። ሲ አለች፣ ኤ አለች፣ ኤፍ አለች። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ነገር ተበላሽቷል። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ኢ መምጣት ሲገባት በቦታዋ ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ራሱ ላይ ሞገድ የተሸከመ ትልቁ ኤ፣ ሁለተኛዋ ክብ ውስጥ የታሰረች ሲ። እትዬ በወጣትነታቸው ካሴት ሸጠዋል። ያቺ የታሰረች ሲ ካሴቱ ሽፋን ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ከሚለው ጎን እንደምትቆም ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የደነገጡትም ለዚህ ነው።

«ማንም አላስመዘገበውም እትዬ። ይቺ ጭረቷ ናት፤ መንገድ ላይ ለሁለት ተሰንጥቃ ነው» አልኳቸው።

«ጭረት ደግሞ ይሰነጠቃል?»

ይሰነጠቃል። እንዴት እንደሚሰነጠቅ ለመናገር ግን መጀመሪያ እንዴት እንደሚገጠም ማየት ይሻላል። ላፕቶፑን አመጣሁ፤ የቆሎው ሳህን ወደ ዳር ተገፋ።

ጭረቷን የፈለገችው ልጃቸው ናት። ሞንትሪያል ትኖራለች፤ እዚያ የሚበዛው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለሆነ «ጭረቷ ከሌለች ካፌ አይባልም» ብላ ድርቅ አለች። እውነቷን ነው። በፈረንሳይኛ ቃል መጨረሻ ላይ ባዶዋን የቆመች ኢ አብዛኛውን ጊዜ አትነበብም። ጭረቷን ብታወልቁባት ፈረንሳዊው «ካፍ» ብሎ ያልፋል። ጭረቷ ስትጫንባት ነው «ካፌ» የምትለው።

እትዬ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ይቺ የእኛዋ ፌ አይደለችም እንዴ? ፈ ነበረች፤ እግሯ ሥር ቀለበት ሲያስሩላት ፌ ሆነች» አሉ።

ይህን ያህል ዓመት ኮምፒዩተር ስነካካ ነገሩን እንዲህ አጥርቼ አይቼው አላውቅም ነበር። የፈረንሳዩ ጭረት የሚሠራውን ሥራ ነው የእኛ ኃምስ ቀለበት የምትሠራው። እነሱ አናባቢዋን ለብቻዋ ጽፈው አናቷ ላይ ምልክት ይጭናሉ፤ እኛ አናባቢውን ከተነባቢው አካል ጋር አዋህደን እንቀርጸዋለን። ለማሽኑ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ራስ ምታት ናቸው፤ ጣት ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ፊደል አንድ ብቻ መውጣት አለበት።

ራስ ምታቱ የጀመረው ከብረት ነው። ላፕቶፓችን ላይ ያለው የላቲን ፊደል አቀማመጥ ሬሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ ካወጣው የጽሕፈት መኪና የወረደ ነው። መኪናው የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ በ26 ፊደል ተብቃቅቶ ጭረት ሳያስቸግረው የሚኖር ቋንቋ ነው። ፈረንሳዮች መኪናውን ለራሳቸው ሲያስተካክሉ፣ አዘውትረው የሚጽፏትን ባለጭረት ኢ የራሷን ቁልፍ ሰጧት። እስከዛሬም ፈረንሳይ በሚሸጥ ኪቦርድ ላይ የ2 ቁጥር ቁልፍ ዝም ብሎ ሲመታ የምትወጣው እሷ ናት፤ 2ን ለመጻፍ ነው ሺፍት የሚያስፈልገው። እንደ ጎጆ ጣሪያ የምትቀመጠዋ ምልክትና ሁለቱ ነጥቦች ግን ዛሬ ከኤ፣ ነገ ከኦ ጋር እየተጣመሩ ስለሚመጡ ለእያንዳንዱ ጥምር ቁልፍ ማዘጋጀት አልተቻለም።

መፍትሔው ግሩም ነው። የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ሲመታ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ፊደሉን ወረቀቱ ላይ ያትማል፣ ከዚያም ወረቀቱን የተሸከመውን ጋሪ አንድ እርምጃ ይገፋል። የምልክቶቹ ቁልፍ ላይ ሁለተኛውን ሥራ አስቀሩት። ምልክቷ ትታተማለች፤ ጋሪው ግን ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ የሚመታው ፊደል እዚያው ቦታ፣ ከምልክቷ ሥር ያርፋል። እንዲህ ያለውን የማያራምድ ቁልፍ «የሞተ ቁልፍ» አሉት፤ ስሙ ዛሬም ኮምፒዩተር ውስጥ አለ። ልብ በሉ፤ ምልክቷ ቀድማ መመታት አለባት። ፊደሉ ከቀደመ ጋሪው ይሄድና ምልክቷ ባዶ ወረቀት ላይ ትወድቃለች። ይህ «ምልክት ቀድሞ፣ ፊደል ቀጥሎ» የሚባለው ልማድ ከቋንቋ ሳይሆን ከብረት የመጣ ነው።

የእኛ ጣጣ ከዚህ ይብሳል። ሠላሳ ሦስቱን የፊደል ግንዶች በሰባት ስታባዙ 231 ይመጣል፤ ዲቃሎቹን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ሳንጨምር። የጽሕፈት መኪና ላይ ደግሞ አርባ ምናምን ቁልፍ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ በሺፍት ሁለት ቢያትም እንኳ ከዘጠና እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲታሰብ (እዚህ ላይ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ሁልጊዜ ይነሣል) ፊደሉን ሙሉውን ማስገባት ስለማይቻል ቆራርጦ መቀጠል ግድ ሆነ፤ ግንዱ ለብቻ፣ የካዕቡ ጭረት ለብቻ፣ የኃምሱ ቀለበት ለብቻ። የድሮ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከፋይል ውስጥ አውጥቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቀለበቷ ከእግሯ ትንሽ ርቃ የቆመችባት ሴ፣ ቅጥያዋ ዝቅ ያለችባት ሙ። እኔ በበኩሌ እወዳቸዋለሁ። ያባቴ የቅጥር ደብዳቤ በእንዲህ ያለ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ይሆናል።

እንግዲህ ከብረቱ ወጥተን ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። ብዙ ሰው ኪቦርድ ላይ የኢ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ሲመታ ኪቦርዱ «ኢ» የሚል መልእክት ለኮምፒዩተሩ የሚልክ ይመስለዋል። አይልክም። ከቁልፎቹ ሥር ሽቦዎች አግድምና ቁልቁል ተዘርግተዋል፤ አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ አንድ አግድምና አንድ ቁልቁል ሽቦ ይነካካሉ። ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ይህን መጋጠሚያ አይታ ቁጥር ትልካለች። በዩኤስቢ ኪቦርድ የዚያ ቁልፍ ቁጥር 8 ነው። በቃ፤ «8 ተነክቷል»። 8 ማለት ኢ ይሁን፣ እ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን ኪቦርዱ አያውቅም፤ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የአቀማመጥ ሠንጠረዥ ነው።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ከጀርመን የመጣ ከሆነ ቁልፎቹ ላይ ዜድ እና ዋይ ቦታ ተለዋውጠው ታትመዋል። ሠንጠረዡን ወደ እንግሊዝኛ ስትለውጡት ማሽኑ እንደ እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ቁልፉ ላይ የታተመው ግን ይዋሻል። ቁልፍ ላይ የሚለጠፈው የአማርኛ ስቲከርም እንዲሁ ነው። ለዓይን ይረዳል እንጂ ከሥሩ የሚሄደውን ቁጥር አይለውጥም። የእትዬ ልጅም ሞንትሪያል ላይ ባለጭረቷን ኢ በአንድ ምት ነው የምትጽፋት፤ የካናዳ ፈረንሳይኛ ሠንጠረዥ ከቀኙ ሺፍት ጎን ያለውን፣ የእኛ ኪቦርድ ላይ የጥያቄ ምልክት የተሣለበትን ቁልፍ ለእሷ ሰጥቷታል። «ምን ይከብዳል?» የምትለው ለዚህ ነው። እሷ ጋ አይከብድም።

የሞተው ቁልፍ ደግሞ ሠንጠረዡ ውስጥ እንደገና ነፍስ ዘርቷል። አሁን የሚገፋ ጋሪ የለም፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው መጠበቅ ነው። ለምሳሌ «ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል» የሚባለውን ሠንጠረዥ ብትመርጡ ነጠላ ጥቅሷ የሞተች ቁልፍ ትሆናለች። ትመቷታላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ኮምፒዩተሩ «ምልክት ይዣለሁ» ብሎ በልቡ ይዞ ቆሟል። ቀጥሎ ኢ ብትመቱ ጥንዶቹ የተመዘገቡበትን ዝርዝር ያይና ባለጭረቷን ኢ ያወጣል። ሲ ብትመቱ ከሥሯ ጅራት ያላትን ሲ ይሰጣችኋል። ቲን ብትመቱ እንዲህ ያለ ጥንድ ስለሌለ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይተፋቸዋል። ባዶ ቦታ ብትመቱ ምልክቷን ብቻዋን ይለቅቃታል። ይህን የማያውቅ ሰው ሠንጠረዡ ሳያስበው ከተለወጠበት «ኪቦርዴ ተበላሸ፣ ጥቅስ አንድ ፊደል ዘግይቶ ይመጣል» ይላል። አንድ ወዳጄ በዚሁ ምክንያት ኪቦርድ ለውጧል። አዲሱም እንደዚያው አደረገ።

አማርኛ ስንጽፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ላይ ቶናው ተቀዳ፣ እትዬም ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ሰላም» ብዬ በዝግታ ጻፍኩላቸው። የኤስን ቁልፍ ስመታ «ስ» መጣች። ኢን ስመታ «ስ» ጠፋችና «ሰ» ቆመች። ኤልን ስመታ «ሰል» ሆነ፤ ኤን ስመታ «ሰላ»፤ ኤምን ስመታ «ሰላም»። አምስት ምት፣ ሦስት ፊደል።

«መጀመሪያ የጻፈውን አጠፋው እኮ!» አሉ።

አዎ። የፈረንሳዩ ሞቶ ቀደመ፤ የእኛው አናባቢ ግን ከኋላ ነው የሚመጣው። ማሽኑ የሚመጣውን አያውቅምና ሳድሷን አስቀምጦ ይጠብቃል፤ አናባቢው ከተከተለ ተመልሶ ያስቀመጣትን ያነሣና ሌላ ይተካል። የተጻፈን ወደኋላ ተመልሶ መለወጥ የማይፈቅድ ፕሮግራም ሲያጋጥም ነው የአማርኛ ጽሑፋችን የሚዘበራረቀው፤ ሳድሷም አትጠፋም፣ አናባቢውም ከጎኗ ይለጠፋል።

መተካቱ እንዴት እንደሚሠራ ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲገባ ሀ ቁጥሯ 4608 ሆነ። ከእሷ ጀምሮ እያንዳንዱ ግንድ ስምንት ስምንት ክፍል ተሰጥቶታል። ሰ 4656 ናት፤ ሱ 4657፣ ሲ 4658፣ ሳ 4659፣ ሴ 4660፣ ስ 4661፣ ሶ 4662፤ ስምንተኛው ክፍል የ«ሷ» ነው። የኔታ በዜማ ያስቆጠሩን ሰልፍ ማለት ነው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ «ስ»ን ወደ «ሰ» መለወጥ ለማሽኑ አምስት መቀነስ ነው። ኃምስን የፈለገ ከግዕዙ ላይ አራት ይጨምራል። ፈ 4936 ነውና ፌ 4940 ነው። የእትዬ ቀለበት ዋጋዋ አራት ነው።

ባለጭረቷ ኢስ? እሷም ቁጥር አላት፤ 233። ጭረቷን ለብቻዋ የሚወክል ሌላ ቁጥርም አለ፣ 769፤ ባዶዋን ኢ (101) ጽፎ 769ን ቢያስከትሉ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያው ነው። በዚህ አጻጻፍ ምልክቷ ከፊደሉ በኋላ እንደምትመጣ አያችሁ? ከጽሕፈት መኪናው ተቃራኒ። እነዚህ ሁለት አጻጻፎች ምን ጣጣ እንደሚያመጡ ቆይተን እንመለስበታለን።

አሁን መሰንጠቁ ላይ ደረስን። ኮምፒዩተር ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖች ነው፤ አንዱ ሳጥን ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ብቻ ይይዛል። 233 ይገባል፤ 4940 ግን አይገባም። ድሮ የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ አንድ ፊደል በአንድ ሳጥን አድርጎ 256 ቦታ ብቻ ነበረው። ፈረንሳይኛን ቻለ፤ አማርኛን፣ ቻይንኛን አልቻለም። ዛሬ ሁሉንም የሚችለው ዘዴ የተነደፈው እንደኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ራት ሲበሉ፣ ቶምፕሰን ከሳህን ሥር የሚነጠፈው ወረቀት ላይ ነደፈው። ስሙ ዩቲኤፍ-8 ነው። እስከ 127 ያሉ ቁጥሮች በአንድ ሳጥን ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሳጥን ይከፋፈላሉ።

በዚህ አካሄድ 233 ሁለት ሳጥን ይወስዳል፤ በመጀመሪያው 195፣ በሁለተኛው 169። አንባቢው ፕሮግራም ዘዴውን ካወቀ ሁለቱን አገናኝቶ ባለጭረቷን ኢ ያሳያል። ካላወቀ፣ በድሮው ሠንጠረዥ «አንድ ሳጥን አንድ ፊደል» ብሎ ካነበበ፣ 195 ሲል ባለሞገዱን ትልቅ ኤ ያገኛል፤ 169 ሲል ደግሞ ያቺን ክብ ውስጥ የታሰረች ሲ።

«የካሴቷን!» አሉ እትዬ።

የካሴቷን። ልጃቸው የካፌውን ስም በጽሑፍ ፋይል አድርጋ በኢሜይል ልካለች፤ ማተሚያ ቤቱ ያለው ልጅ ፋይሉን በድሮው ሠንጠረዥ የሚያነብ ፕሮግራም ላይ ከፈተና የመጣለትን ገልብጦ ለጠፈ። አማርኛውን እዚያው ራሱ ስለተየበው አልተነካም። አማርኛውም ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ጉዱ ይብስ ነበር። ፌ በሦስት ሳጥን ነው የምትቀመጠው፤ 225፣ 141፣ 140። ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ ያሉት የተለመዱት ፊደሎቻችን በሙሉ የመጀመሪያ ሳጥናቸው ያው 225 ነው። በድሮው ሠንጠረዥ 225 ማን መሰላችሁ? ባለጭረቷ ትንሿ ኤ። የተበላሸ የአማርኛ ኢሜይል ደርሷችሁ ከሆነ፣ መስመሩ ሁሉ ባለጭረት ኤ፣ ባለጭረት ኤ፣ ባለጭረት ኤ እየደጋገመ የሚወርደው ለዚህ ነው። አማርኛ ሲታመም በላቲን ፊደል ይቃዣል።

ከዩኒኮድ በፊት ያለውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕመም ያውቃል። የግዕዝን ፊደል ኮምፒዩተር ላይ በማዋል ስማቸው ከሚነሣው ቀዳሚዎች አንዱ የእንስሳት ሐኪሙ ዶ/ር አበራ ሞላ ናቸው (የጽዳት ዘመቻውን «ጋሽ አበራ ሞላ»ን፣ ድምፃዊ ስለሺ ደምሴን፣ ከእሳቸው ጋር የሚያምታታ አይጠፋም)። በኋላ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም መጡ። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ቁጥር ይወስዱና ላዩ ላይ የአማርኛ መልክ ያለብሱት ነበር። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ ልብሱ ብቻ ነው የአማርኛ። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የላቲን ቅራቅንቦ ይቀራል። በፍላሽ ፎንቱንም ፋይሉንም አብሮ ይዞ መዞር የተለመደ ነበር። ዛሬም የድሮ ፋይል ላይ የሚቆዝም የቢሮ ሠራተኛ አለ።

ወደ እትዬ ጉዳይ። እንዴት ይጻፍ? መንገዱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ግን ከስልክ ወይም ከሌላ ቦታ ገልብጦ መለጠፍ ነው፤ አላፍርበትም፣ እኔም አደርገዋለሁ። ስልክ ላይ ኢን ተጭናችሁ ብትቆዩ የባለጭረት ኢዎች መንጋ ብቅ ይላል፤ ጣትን ሳያነሱ ወደሚፈልጉት ማንሸራተት ነው። ማክ ላይም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እንደዚሁ ነው፤ ፈጠን ማለት የፈለገ ኦፕሽንን ይዞ ኢን ይመታል፣ ለቅቆ እንደገና ኢን ይመታል። ዎርድ ውስጥ ኮንትሮልን ይዞ ነጠላ ጥቅስን፣ ከዚያ ለቅቆ ኢን።

ዊንዶውስ ላይ በሁሉም ቦታ የሚሠራው የቁጥሩ መንገድ ነው። ኦልትን ይዛችሁ በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ገበታ 0233 ትመታላችሁ፤ ኦልትን ስትለቁ ባለጭረቷ ኢ ዱብ ትላለች። ከላይ በሰልፍ ያሉት ቁጥሮች አይሠሩም፤ ትንንሽ ላፕቶፖች ደግሞ የቀኙ ገበታ የላቸውም፤ ብዙ ሰው የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ዜሮዋስ ለምን? እትዬም ጠይቀውኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒዩተር የራሱ ሠንጠረዥ ነበረው፤ በዚያ ባለጭረቷ ኢ 130 ነበረች። ዊንዶውስ ሌላ ሠንጠረዥ ይዞ ሲመጣ የድሮውን የለመደ ሰው እንዳይቸገር ሁለቱንም አቆየ፤ ያለዜሮ ከሆነ የአይቢኤም፣ በዜሮ ከሆነ የዊንዶውስ። ስለዚህ 130ም 0233ም እሷኑ ያመጣሉ። ዜሮዋን ረስቶ 233 ያለ ግን በአሜሪካው ሠንጠረዥ የግሪኩን ቴታ ያገኛል፤ መቀነት የታጠቀ ዐ ይመስላል። ሞክሬ አሳየኋቸው፤ በጣም ሳቁ።

ቅድም ያቆየሁት የሁለት አጻጻፍ ነገር አለ። ባለጭረቷ ኢ በአንድ ቁጥርም (233) በሁለት ቁጥርም (101 እና 769) ልትቀመጥ ትችላለች፤ ለዓይን አንድ ናት። ፈላጊ ፕሮግራሙ ሰነፍ ከሆነ ግን አንዷን ስትፈልጉ ሌላዋን «የለችም» ይላል። የድሮው የማክ ዲስክ አደረጃጀት የፋይል ስሞችን በሁለት ቁጥር አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ማሽን ሲሻገር ይህ ይከሰት ነበር። ደግነቱ ዩኒኮድ ሁለቱ እኩል እንደሆኑ ደንግጓል፤ ጨዋ ፕሮግራም ከመፈለጉ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ መልክ ያመጣል። እኛ ይህ ዕድል የለንም። «ፀሐይ» ብሎ ለጻፈ ሰው «ጸሀይ» አይገኝለትም። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለመዝገቡ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ልክም ነው፣ ግዕዙ ይለያቸዋልና። ስለዚህ የአማርኛ መፈለጊያ የሚሠራ ሰው ሞክሼዎቹን አንድ የማድረጉን ሥራ በራሱ ትከሻ መሸከም አለበት። የሰው ስም ዝርዝር ውስጥ «ኃይሉ»ን ፈልጎ ያጣ ሰው ይህን ችላ ያለ ፕሮግራም ነው ያጋጠመው።

«የእኛ ፊደልስ አናቱ ላይ የሚጫን የለውም?» አሉ እትዬ፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ።

አለው፤ እንዲያውም ይቺው «አለ» የምትባል ቃል ናት ምስክሯ። «አለ» ስንል ተናገረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለን ስናጠብቅ ደግሞ ይገኛል፣ ይኖራል ማለት ነው። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ ስታላላ ያልደረሰ፣ ስትጠብቅ የልደት በዓል። አንባቢ ከአገባቡ ይረዳዋል ብለን እንተወዋለን። መዝገበ ቃላትና የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ግን የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ይጭናሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይህች ማጥበቂያ ዩኒኮድ ውስጥ ገባች፤ ቁጥሯ 4959 ነው። እንደ 769 ከፊደሉ በኋላ ተጽፋ ወደ አናቱ ትወጣለች፤ «አለ፟»፣ «ገና፟»። እናንተ የምታነቡበት ላይ ነጥቦቹ ፊደሉ አናት ላይ ካልተቀመጡና ጎኑ ላይ ከተንጠለጠሉ ጥፋቱ የፎንቱ ነው፤ ነጥቦቹ የት እንደሚያርፉ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚያሰላው እሱ ነው። በዚያው ዓመት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶችም ገብተዋል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ከመካከላቸው «ጭረት» የምትባለውን እትዬ ሲሰሙ «አየህ፣ ስሟንም ከእኛ ነው የወሰደችው» ብለው ደመደሙ። አልተከራከርኳቸውም።

ለማተሚያ ቤቱ ልጅ በቴሌግራም ጻፍኩለት፤ ሁለቱን እንግዶች ደምስሰህ ኦልትን ይዘህ 0233 በል። አንድ ነገር ጨመርኩለት፤ ምናልባት እትዬ ሐሳባቸውን ቀይረው በትልልቁ ፊደል ይሁን ቢሉ የትልቋ ባለጭረት ኢ ቁጥር 0201 ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው መኪናው ስላልተመቻቸው በትልልቁ ፊደል ላይ ጭረቱን ሲተዉ ኖረዋል፤ የቋንቋ አካዳሚያቸው ግን መኖር አለበት ነው የሚለው።

በረካው ሳይቀዳ አዲሱ ናሙና መጣ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አራቅ አድርገው አዩት። ጭረቷ አለች፤ ቀጥ ብላ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ኢዋ አናት ላይ ቆማለች። እኔም አየኋት፣ ባለቤቴም መጥታ አየች፤ ሁላችንም አደነቅናት። እትዬ ብቻ ዝቅ ብለው የታችኛውን መስመር በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር።

«ስልክ ቁጥሬ» አሉ፣ «ዘጠኝ ሆነ እኮ።»